ድራይቩን ሳይመዝኑ ማሽኑን መግዛት

ከባድ ሲ.ኤን.ሲ. ማሽን ለማስገባት ያሰበ የጎንደርና የሳንጃ ባለሀብት ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሰሊጥ ቀጠሮ አያራዝምም። ተክሉ ደርሶ አጫጁ ከዘገየ ፍሬው በራሱ ጊዜ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በዘር ወቅትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ መሬቱ ዝናብ ሲያገኝ ትራክተሩ ካልተንቀሳቀሰ ያ ሳምንት ተመልሶ አይመጣም። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ሳንጃ ይህን ሒሳብ አሳምራ ታውቀዋለች። የእርሻ ባለሀብቱም፣ የሰሊጥ ነጋዴውም፣ ደላላውም የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው በዚሁ የቀናት ስሌት ነው።

ታዲያ በዚያች ሳምንት የትራክተር አክስል ቢሰበር፣ የኩሽኔታ ቤት ቢበላ፣ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ዘንግ ቢጣመም ያለው አማራጭ ሁለት ነው። አንድም መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት፣ አንድም ብረቱን ተሸክሞ ቶርኖ ቤት መሄድ። ቶርኖ ቤቱ ባለው ማሽን የቻለውን ይሠራል፤ ዘንጉ ረጅም ወይም ከባድ ከሆነ ግን ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። በንግድ ጥሪት የቋጠረ ሰው ይህን ክፍተት አይቶ «ትልቅ የኮምፒዩተር ቶርኖ ወይም ፍሬዛ ባስገባስ?» ብሎ ማሰቡ የሚገርም አይደለም።

የሚያሳስበው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ገዢው ፕሮፎርማ ሲደርሰው ዓይኑ የሚያርፈው በማሽኑ ርዝመት፣ በክብደቱና በዋጋው ላይ ነው። ከታች በኩል አንዲት አጭር መስመር ትኖራለች፤ «ሰርቮ ሞተርና ድራይቭ፦ ተካትቷል» የምትል። ማሽኑ ለ10 ዓመት ይሠራ እንደሆነ ወይም በሁለተኛው ዓመት ቆሞ አቧራ ይጠጣ እንደሆነ በአብዛኛው የምትወስነው ግን ይህች መስመር ናት። ይህ ጽሑፍ መስመሯን ፈታ አድርጎ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ድራይቭ ምን ያደርጋል?

ሲ.ኤን.ሲ. ማለት ቢላዋውና ሥራው የሚንቀሳቀሱት በሠራተኛ እጅ ሳይሆን በቁጥር በተጻፈ ትዕዛዝ ነው ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ማሽን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ በስፋት የሚታወቀው የጃፓኑ ፋኑክ ከፉጂትሱ ተለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ የሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ሥርዓቱ አራት ክፍሎች አሉት። መቆጣጠሪያው ትዕዛዝ ይሰጣል። ድራይቩ ትዕዛዙን ተቀብሎ ከመስመር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ መጥኖ ለሞተሩ ያቀብላል። ሞተሩ ቪቴውን ያሽከረክራል። በሞተሩ ጫፍ ላይ የተገጠመው ኢንኮደር ደግሞ ሞተሩ በትክክል የት እንደደረሰ መልሶ ይናገራል። ይህ ምልልስ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ተራ ሞተር መብራት ሲሰጡት ይዞራል፣ ሲነሱት ይቆማል። ሰርቮ ሞተር ግን የታዘዘበት ቦታ ላይ ደርሶ፣ ጭነት ቢገፋውም እዚያው ጸንቶ መቆም አለበት። ያንን የሚያስችለው ድራይቩ ነው።

ድራይቩ አቅም ካነሰው ምን ይሆናል? ማሽኑ ቀላል ሥራ ሲሰጡት ደህና ይመስላል፤ ሻጩም ለማሳየት የሚያስሮጠው ባዶውን ነው። ወፍራም ብረት በጥልቀት ሲቆርጥ ግን ድራይቩ የከፍተኛ ጭነት ምልክት ያሳይና ይቆማል። ሠራተኛው ማሽኑን ላለማስቆም ሲል የቆረጣውን ጥልቀት ይቀንሳል። በሁለት ዙር ያልቅ የነበረው ሥራ አምስት ዙር ይፈጃል። ባለሀብቱ የከባድ ማሽን ዋጋ ከፍሎ የቀላል ማሽን ሥራ ተቀበለ ማለት ነው።

ኪሎዋት ብቻውን አያወጣም

በገበያችን ሞተር የሚሸጠውና የሚገዛው በኪሎዋት ወይም በፈረስ ጉልበት ነው። ለወፍጮ ሞተር ይህ ይበቃ ይሆናል። ለሰርቮ ግን አይበቃም። መጠየቅ ያለበት የማዞር ኃይሉ ነው፤ መለኪያውም ኒውተን ሜትር ይባላል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ሁለት ሞተሮች አሉ፤ ሁለቱም 3 ኪሎዋት ናቸው። የአንዱ የተመዘገበ ፍጥነት በደቂቃ 1,500 ዙር፣ የሌላው 3,000 ዙር ነው። የመጀመሪያው 19 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲኖረው ሁለተኛው ያለው 9.5 ብቻ ነው። በኪሎዋት እኩል የሆኑት ሁለት ሞተሮች በጉልበት እጥፍ ይበላለጣሉ። ፈጣኑ ሞተር መጠኑ ያነሰና ብዙውን ጊዜም ዋጋው የቀነሰ ነው። በፕሮፎርማው ላይ ኪሎዋት ብቻ ከተጻፈ ገዢው የትኛው እንደተሰጠው ሊያውቅ አይችልም።

ሌላም አለ። ካታሎግ ላይ ሁለት ዓይነት የማዞር ኃይል ይጻፋል። አንደኛው ሞተሩ ሳይግል ቀኑን ሙሉ ሊሰጥ የሚችለው ነው። ሁለተኛው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚሰጠው ከፍተኛው ኃይል ሲሆን፣ በብዙ ሞተሮች ከመጀመሪያው 3 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ከፍተኛው የሚጠቅመው ለመነሻና ለማቆሚያ ነው። ከባድ ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያው ነው። ትልቁን ቁጥር ብቻ አጉልቶ የሚያሳይ ሻጭ ሲያጋጥም ትንሹን ቁጥር መጠየቅ ብልህነት ነው።

አንድ ምሳሌ እናስላ

አንድ ከባድ ፍሬዛ አለ እንበል። ገበታው ከነተጫነበት ሥራ 5 ቶን ይመዝናል። ብረት ሲቆርጥ የሚያስፈልገው ግፊት 20 ሺህ ኒውተን ነው፤ ይህም 2 ቶን ያህል ክብደት እንደመግፋት ነው። ገበታውን የሚነዳው ቪቴ በአንድ ዙር 10 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ብቃቱም 90 በመቶ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ግፊቱ ቪቴው በአንድ ዙር በሚሄደው ርቀት በሜትር ይባዛል፤ ውጤቱ ለ6.28 ይካፈላል፤ ከዚያም ለብቃቱ ይካፈላል። ለቆረጣው 35 ኒውተን ሜትር ገደማ ይወጣል። ገበታው ራሱ በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ያለው ሰበቃ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ቢሆን ተጨማሪ 9 ኒውተን ሜትር ያህል ያስፈልጋል። በድምሩ 44 ይሆናል።

እንግዲህ ለዚህ ማሽን በተከታታይ 30 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር ቢቀርብ ገበታውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ለማሳያም ይበቃል። ለሥራ ግን አይሆንም። አበው «ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ግዢ ጭምር ይመስላል። ሥራው ወደፊት ሊከብድ ስለሚችልም ከስሌቱ በላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ መጠባበቂያ መያዝ ተገቢ ነው። ከዚህ እጅግ ማብዛት ግን ገንዘብ ማባከን ይሆናል፤ ሞተሩ ሲያድግ ድራይቩም፣ ኬብሉም፣ ትራንስፎርመሩም አብረው ያድጋሉና።

ሊማሊሞን የሚወርድ ጭነት

ከኃይሉ ቀጥሎ የሚታየው ኢነርሺያ ነው፤ ይኸውም ከባድ ነገር ቆሞ ሳለ ለመነሳት፣ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ለመቆም የሚያሳየው እምቢታ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ሊማሊሞን የወረደ ሾፌር ጉዳዩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። መኪናው ትንሽ፣ ጭነቱ ትልቅ ሲሆን ነጂው ጭነቱ እንጂ ሾፌሩ አይደለም።

በማሽኑም እንዲሁ ነው። የጭነቱ ኢነርሺያ ከሞተሩ ኢነርሺያ ጋር ያለው ንጽጽር ሲበዛ ገበታው የታዘዘበት ላይ አይቆምም፤ አልፎ ይሄድና ይመለሳል፣ ይንቀጠቀጣል። በተሠራው ብረት ላይ ያ መንቀጥቀጥ እንደ ሞገድ ታትሞ ይታያል። ቀላል ማሽኖች የ10 ለ1 ንጽጽር ሊሸከሙ ይችላሉ። ለከባድ ማሽን ግን ከ3 ለ1 እስከ 5 ለ1 ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

ንጽጽሩ ከፍ ካለ መፍትሔው ሁልጊዜ ትልቅ ሞተር አይደለም። በሞተሩና በቪቴው መካከል ማርሽ ማስገባት ይቻላል። የማርሹ ቅናሽ 4 ለ1 ከሆነ ሞተሩ የሚሰማው ኢነርሺያ በ16 ይካፈላል። በዚያው ልክ ግን የገበታው ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ማርሹ ክፍተት ካለውም ልኩ ይበላሻል። ስለሆነም ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ሻጩ ንጽጽሩን በየአቅጣጫው አስልቶ በጽሑፍ ይስጠው።

ጎንደር ላይ 100 ብር 89 ብር ነው

የውጭ ካታሎግ የማያጎላው፣ እኛን ግን በቀጥታ የሚነካን ጉዳይ ከፍታ ነው። ሞተሩም ድራይቩም የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝ ችሎታው ይቀንሳል። አብዛኞቹ አምራቾች በካታሎጋቸው ላይ የሚጽፉት አቅም እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ እንዲቀነስ በግርጌ ማስታወሻ ያሳስባሉ። ግርጌ ማስታወሻ ደግሞ ማንም አያነብም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ስሌት 11 በመቶ ይቀነሳል። ቀደም ሲል ያሰላነው 44 ኒውተን ሜትር በጎንደር እንዲገኝ ካታሎጉ ላይ 50 ገደማ የሚል ሞተር መፈለግ አለበት። ከ2,800 ሜትር በላይ ለሆነችው ደባርቅ ደግሞ ቅናሹ 18 በመቶ ይደርሳል፤ የካታሎጉ ቁጥር ወደ 54 ከፍ ማለት ይኖርበታል። የ25 በመቶው መጠባበቂያ ሲታከልበት ጎንደር ላይ 62፣ ደባርቅ ላይ 67 ገደማ ይሆናል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተመረጠ ማሽን ተጭኖ ደባርቅ ቢመጣ ሻጩ አልዋሸም፤ ገዢው ግን ተጎድቷል።

ወደ ሳንጃ ወረድ ሲባል የከፍታው ችግር ይቀላል፤ ሙቀቱ ግን ይተካዋል። በቆላው፣ በተለይ በመተማና በሁመራ በኩል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ድራይቩ የሚቀመጠው በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ሲሆን እሱም ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ውጭው 42 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ 50 ቢያልፍ አያስደንቅም። የብዙ ድራይቮች የሙቀት ወሰን እንደ አምራቹ ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ ድራይቩ ራሱን ለማዳን ይቆማል፤ ካልቆመም ዕድሜው ያጥራል።

አቧራም አለ። የሰሊጥ ገለባ፣ የመንገድ አፈርና የብረት ብናኝ በማራገቢያው በኩል ገብተው ሰሌዳው ላይ ይነጠፋሉ። ስለዚህ በቆላ ለሚተከል ማሽን ሳጥኑ በተራ ማራገቢያ ሳይሆን አየር በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ እንዲጠበቅ፣ ሞተሩም አቧራና ፈሳሽ የማያስገባ እንዲሆን አስቀድሞ ማዘዝ ይበጃል። ይህ ወጪ ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ኋላ ለመጨመር ግን ውድ ይሆናል።

የመብራቱ ነገር

የሀገራችን የሦስት ፌዝ መስመር 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከጃፓን፣ ከታይዋንና ከቻይና የሚመጡ ብዙ ድራይቮች ግን በ200 ቮልት ገደማ የሚሠሩ ናቸው። እነዚህን ለማንቀሳቀስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? አቅሙስ ሁሉም ሞተሮች በአንድ ጊዜ ሲነሱ ይሸከማል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በፕሮፎርማው ላይ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። የ400 ቮልት ምድብ የሆነ ድራይቭ ከተገኘ ይህ ራስ ምታት ይቀራል፤ ገመዱም ቀጭን ይሆናል። ሆኖም የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ እስከ ስንት እንደሚታገስ ማየት ያስፈልጋል።

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨትና ያንን ኃይል ሳይቆራረጥ ከአንድ ወርክሾፕ በር ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስለሆነም በእኛ ሀገር ድራይቭ የሚመርጥ ሰው መብራት ይቋረጣል ብሎ መነሳት አለበት።

መብራት ሲቋረጥ ሦስት ነገሮች ይታሰባሉ። አንደኛ፣ ከላይ ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው ክፍል በራሱ ክብደት እንዳይወርድ ሞተሩ ብሬክ ያለው መሆን አለበት። በአንድ ቶን ጭንቅላት ስር እጁን የሚያስገባ ሠራተኛ አለና ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኢንኮደሩ መብራት ጠፍቶም ያለበትን ቦታ የማይረሳ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ከነዚህ ብዙዎቹ ግን ማስታወሻቸው በባትሪ የሚጠበቅ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ማሽኑ መነሻውን ይረሳና እንደገና ባለሙያ ይፈልጋል። ባትሪው መቀየር ያለበት ሳይሞትና ማሽኑ መብራት እያለው ነው።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። ከባድ ገበታ ሲቆም ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ድራይቩ ይመልሳል። አንዳንድ ድራይቮች ይህንን ኃይል ወደ መስመሩ ይመልሱታል፤ የመብራት ወጪም ይቀንሳሉ። ሌሎቹ በሬዚስተር ላይ አቃጥለው ሙቀት ያደርጉታል። በወረቀት ላይ የመጀመሪያው ይሻላል። መስመሩ በሚቋረጥበትና ጀነሬተር በሚሠራበት ቦታ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ኃይሉ የሚሄድበት የለውም፤ ትንሽ ጀነሬተርም የሚመለስበትን ኃይል በደህና አይቀበልም። ስለዚህ በጀነሬተር ሊሠራ የታሰበ ከባድ ማሽን በቂ መጠን ያለው ሬዚስተር ቢኖረው ይመረጣል።

በማን ቋንቋ ይናገራል?

የነጋዴ አንባቢዎቻችንን በይበልጥ የሚመለከተው ይህ ነው። እንደ ፋኑክና ሲመንስ ያሉት ኩባንያዎች መቆጣጠሪያውንም፣ ድራይቩንም፣ ሞተሩንም ራሳቸው ይሠራሉ፤ በመካከላቸው የሚነጋገሩበትም የየራሳቸው መስመር አላቸው። ጥራታቸውና ዕድሜያቸው የተመሰከረለት ነው። ነገር ግን የፋኑክ ድራይቭ ሲቃጠል የሚተካው በፋኑክ ድራይቭ ነው፤ ገበያ ላይ በተገኘው መቀየር አይቻልም። ገዢው ማሽን ብቻ ሳይሆን አቅራቢም አብሮ አገባ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ድራይቩን ከየትኛውም መቆጣጠሪያ ጋር ለማገናኘት የሚያስችሉ ክፍት የመገናኛ መንገዶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የጀርመኑ ቤክሆፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው ኢተርካት ነው። የጃፓኑ ያስካዋ፣ የታይዋኑ ዴልታና በርካታ የቻይና አምራቾች በዚህ መንገድ የሚሠሩ ድራይቮች ያቀርባሉ። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን ለመተካት ዕድል ይሰጣል። ግን መተካት ማለት ሰክቶ መሄድ አይደለም፤ ሞተሩና ኢንኮደሩ ከአዲሱ ድራይቭ ጋር መስማማት፣ የማስተካከያ ቁጥሮቹም እንደገና መሞላት አለባቸው። ያንን የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያ ከሌለ ክፍትነቱ ብቻውን አይረዳም።

ያገለገለ ማሽን ለሚያመጡ ደግሞ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። የቆዩ የአውሮፓ ማሽኖች ብዙዎቹ የዲ.ሲ. ሰርቮ አላቸው። ሞተሩ ካርቦን የሚቀየርለት ስለሆነ ለእኛ ሀገር ጠጋኝ እጅ የቀረበ ነው፤ ድራይቩ ግን ማምረቱ የቆመ ሊሆን ይችላል። መጋዘን ከ1 እስከ 2 ዓመት በላይ ያለ ሥራ የተቀመጠ ድራይቭም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስለሚዳከሙ በቀጥታ ሙሉ መብራት ሲሰጠው ሊፈነዳ ይችላል። ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ከፍ እየተደረገ መነቃቃት አለበት። የማሽኑ ብረት 40 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ግን እንደ ብረቱ አይደለም። ደላላው ስለ ብረቱ ሲያወራ ገዢው ስለ ድራይቩ ይጠይቅ።

ሰው፣ መንገድና ምንዛሪ

በኢትዮጵያ የሲ.ኤን.ሲ. ልምድ በአብዛኛው የተከማቸው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ባሉ ፋብሪካዎች ነው። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመውና ኋላ ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ወደሚባለው የተለወጠው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በሥሩ ያሰባሰባቸው ፋብሪካዎች ለዚህ ይጠቀሳሉ። ስለዚህ ጎንደር ላይ ድራይቭ ሲቆም ባለሙያው የሚመጣው ከሩቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ታይቷል። «ችግር ካለ በኢንተርኔት ገብተን እናስተካክላለን» የሚለው የሻጭ ቃል በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋጋ የለውም። የማስተካከያ ቁጥሮቹ ቅጂ በገዢው እጅ፣ በወረቀትም በፍላሽም፣ መቀመጥ አለበት።

ምንዛሪውም ሌላ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። 5,000 ዶላር የሚያወጣ ድራይቭ 285 ሺህ ብር ከነበረበት ከ500 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። የተበላሸ ድራይቭ የሚተካው በዕለቱ ምንዛሪ እንጂ ማሽኑ በተገዛበት አይደለም።

ለማሽኑ መቆም ዋጋ እናውጣለት። ማሽኑ በሰዓት 1,500 ብር ያስገባል፣ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል እንበል። በቀን 12,000 ብር ነው። ድራይቩ ታዞ፣ ተጭኖ፣ በጅቡቲ ገብቶ እስኪደርስ 45 የሥራ ቀን ቢፈጅ የሚቀረው ገቢ 540,000 ብር ይሆናል። አንድ መጠባበቂያ ድራይቭ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ብክነት የሚመስለው ይህ ሒሳብ እስኪሠራ ድረስ ነው። ሁሉም አቅጣጫዎች በአንድ መጠን ድራይቭ እንዲሠሩ ተደርጎ ከታዘዘ ደግሞ አንዱ መጠባበቂያ ለሁሉም ያገለግላል።

መጠባበቂያው ከማሽኑ ጋር በአንድ ፕሮፎርማ መጠቃለሉ ከቀረጥም አንጻር ይጠቅማል። የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270/2005 የካፒታል ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ለሚያስገባ ባለሀብት የዕቃውን ዋጋ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መለዋወጫ ይፈቅድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ስለተለወጠ ባለሀብቱ በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከኢንቨስትመንት ቢሮው ጠይቆ ዝርዝሩን በዚያው ልክ ያዘጋጅ።

በአዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 807/2005 መሠረት በካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚገዙም አሉ። እነዚህ ማወቅ ያለባቸው ማሽኑ ቢቆምም ኪራዩ እንደማይቆም ነው። ዕቃውን የሚመርጠው ተከራዩ ስለሆነ የድራይቭ ምርጫው ስህተት የሚወድቀውም በእሱው ላይ ነው።

ጨርሶ ያስፈልጋል ወይ?

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ መነሳት የነበረበት ይመስላል፤ ነገር ግን ወጪው ከታወቀ በኋላ ቢመለስ ይሻላል። የተሰበረ አንድ አክስል ለመሥራት ሲ.ኤን.ሲ. ግዴታ አይደለም። ጥሩ እጅ ያለው ሠራተኛና ረጅም ተራ ቶርኖ ይበቃሉ፤ ለአንድ ዕቃ ፕሮግራም እስኪጻፍም የእጁ ሥራ ያልቃል። ሲ.ኤን.ሲ. የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ዕቃ ተደጋግሞ ሲመረት ነው። የወፍጮ ዘንግ፣ ፑሌጃ፣ የማበጠሪያ ማሽን ክፍሎች፣ ለብዙ ትራክተሮች የሚሆን አንድ ዓይነት መለዋወጫ ትዕዛዝ በእጅ ሲኖር ማለት ነው።

ስለዚህ ለሳንጃ በዘር ወቅት የሚደርስላት ተራ ከባድ ቶርኖ፣ ለጎንደር ደግሞ ብዛት ያለው ትዕዛዝ የሚያስተናግድ ሲ.ኤን.ሲ. ማለት የማይጋጭ ሐሳብ ነው። ማሽኑ የት እንደሚተከል ሳይወሰን ድራይቭ መምረጥ ግን አይቻልም፤ ከላይ እንዳየነው ከፍታውና ሙቀቱ ቁጥሩን ይለውጡታል።

ከፊርማ በፊት

በየአቅጣጫው የሞተሩ የተከታታይ ማዞር ኃይል በኒውተን ሜትር ስንት ነው? የኢነርሺያ ንጽጽሩስ? አቅሙ ማሽኑ ለሚተከልበት ከተማ ከፍታና ሙቀት ተቀንሶ ተሰልቷል? ድራይቩ የስንት ቮልት ነው፤ ትራንስፎርመር ካስፈለገው ተካትቷል? ወደ ታች የሚሄደው ክፍል ብሬክ አለው? ፍሬኑ በሬዚስተር ነው ወይስ ወደ መስመር መላሽ? የድራይቩ ሙሉ ሞዴል ቁጥር ተጽፏል፤ አምራቹስ ዛሬም ያመርተዋል? መጠባበቂያ ድራይቭ፣ ኬብልና ባትሪ በዋጋው ውስጥ አሉ? የማስተካከያ ቁጥሮቹ ቅጂ ከማሽኑ ጋር ይሰጣል?

መልሶቹ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከውሉ ጋር ተያይዘው መምጣት አለባቸው። ጊዜውም ኤል.ሲ. ከመከፈቱ በፊት ነው። ባንክ በኤል.ሲ. የሚከፍለው ሰነድ አይቶ እንጂ ማሽን አይቶ አይደለም፤ ሰነዱ ከተሟላ ገንዘቡ ይሄዳል። በሰነዱ ላይ «ሰርቮ ሞተርና ድራይቭ፦ ተካትቷል» ብቻ ከተባለ የመጣው ድራይቭ ምንም ይሁን ምን ሻጩ ቃሉን ፈጽሟል።